ስክሪኑ አማረ ማለት ሕመምተኛው አልታገለም ማለት አይደለም

ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ሰው አየር ለመሳብ ምን ያህል እንደሚታገል ስክሪኑ ላይ በትልቁ ከተጻፉት ቁጥሮች አታውቁትም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ብዙ ንትርክ ይቀርልኝ ነበር። ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን መጠን) 95 ከመቶ፣ የአተነፋፈሱ ብዛት 24 ሆኖ፣ ሰውዬው ሳንባውን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ አየሩን ይገፋል፣ ጡንቻው ይስባል፣ ሳንባው ላይ የሚያርፈው ግን የሁለቱ ድምር ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የማሽኑን ድርሻ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንሶላውን ገልጣችሁ እዩ። የአንገቱ ጡንቻ ይወጠራል? ደረቱ ሲነሳ ሆዱ ይገባል? ይህ መሣሪያ አይፈልግም።

ቀጥሎ ፒ 0.1 የሚባለው አለ። የአየር መንገዱ ተዘግቶ ሕመምተኛው መሳብ ሲጀምር በመጀመሪያዋ 0.1 ሰከንድ ግፊቱ ስንት እንደሚወርድ ይነግራችኋል። ከ1 ሴንቲ ሜትር ውሃ (እዚህ ያሉት ግፊቶች ሁሉ የሚለኩት በዚህ ነው) በታች ከሆነ ሰውዬው ሥራ ፈቷል፣ ከ4 በላይ ከሆነ ትግል ላይ ነው። ብዙ ማሽኖች ራሳቸው ያወጡታል። አንዳንዱ ግን በደንብ ሳይዘጋ ስለሚገምት፣ ትግሉ ሲበረታ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ደግሞ ከትንፋሽ ትንፋሽ ስለሚለያይ ጥቂት ወስዳችሁ አማካዩን ያዙ።

ሦስተኛው የመዝጊያው ቁልፍ ነው። አየር አስወጥቶ ሲጨርስ ለአንድ ትንፋሽ መንገዱን ትዘጋላችሁ፣ ግፊቱ ስንት እንደወረደ ታነባላችሁ። የዚያ ሦስት አራተኛ የጡንቻው ጉልበት ግምት ነው። ከ5 እስከ 10 ጥሩ ነው። አለቀ። ዋጋ አያስከፍልም፣ ቁልፉ እዚያው ማሽኑ ላይ አለ።

ጣጣው የመጣው ባሉኑ ላይ ነው።

ባሉኑ በምግብ ቧንቧ የሚገባ ቀጭን ካቴተር ጫፍ ላይ ያለ ነው፤ በሳንባ ዙሪያ ያለውን ግፊት ይገምታል። ክፍላችን ለዚህ የወጣ መመሪያ ነበረው። አንድ ጥልቀት፣ አንድ የአየር መጠን፣ ለሁሉም ሰው። ሰውዬው አጭር ይሁን ረጅም፣ ካቴተሩ የትኛው ዓይነት ይሁን አይጠይቅም። ያወጡት ሰዎች አንድም ቀን በእጃቸው አስገብተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ማኅተሙ ግን ያምራል።

አንድ ሕመምተኛ ላይ እንደ ታዘዘው አስገባሁ። ሞገዱ ላይ የልብ ምቱ ይታያል፣ ስለዚህ ቦታው ደህና ነው። ሰውዬው በሳበ ቁጥር ግፊቱ በ8 ይወርዳል። ከ3 እስከ 8 ብዙዎች የሚቀበሉት ልክ ስለሆነ ራውንድ (ሐኪሞቹ ሕመምተኛውን የሚያዩበት ዙር) ላይ ሁሉም ደስ አለው። «ተረጋግቷል፣ የማሽኑ ድጋፍ ይቀነስ» ተባለ። የሰውዬው አንገት ግን ተገታትሯል። ቁጥሩ ልክ አይመስለኝም ስል፣ «ታዲያ መመሪያው ተሳስቷል ነው የምትለው?» አሉኝ። አዎ፣ ያልኩት እሱኑ ነበር። ድጋፉ ተቀነሰ። ላብ በላብ ሆነ፣ ማሽኑ መጮህ ጀመረ፣ ድጋፉ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ «ተረብሾ ነው፣ ማስተኛ መድኃኒቱ ይጨመርለት» መጣ። እስካሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ሰው አየር ስላጠረው ሲታገል መፍትሔው ዝም ማሰኘት ነው?

መመሪያው ውስጥ ያልተጻፈ፣ በፈረንጆቹ 1982 የታተመ ፍተሻ አለ። መንገዱ ተዘግቶ ሰውዬው ሲስብ አየር ስለማይገባ የሳንባው መጠን አይቀየርም። ስለዚህ የአየር መንገዱ ግፊትና የባሉኑ ግፊት እኩል መውረድ አለባቸው። የባሉኑን ለአየር መንገዱ አካፍሉት፤ ከ0.8 እስከ 1.2 ከመጣ ባሉኑን እመኑት። ዘጋሁ። የአየር መንገዱ በ26 ወረደ፣ ባሉኑ በ13። ግማሽ! ያ ሁሉ ሰው ደስ ያለው 8 በእውነቱ 16 ገደማ ነበር ማለት ነው። ማሽኑ 10 ይገፋል፣ 16 ሲደመርበት ሳንባው በየትንፋሹ በ26 ይወጠራል። ከ20 በላይ ሲሆን መፍራት አለብን። ልብ በሉ፣ ስዘጋ የወረደችው 26 የመጣችው ከማሽኑ ቁልፍ ነው። ትግሉ ያለ ባሉኑም ይታወቅ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ መመሪያው ያዘዘው አየር ለዚያ ካቴተር አነሰ። ጥቂት በጥቂት እየጨመርኩ፣ በየደረጃው እየዘጋሁ ለካሁ፣ 0.95 ላይ ቆምኩ። ከልክ በላይ ከሞላም ይዋሻል። ሰውዬው ሲስብ ግፊቱ ከመውረድ ይልቅ ከጨመረ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ናችሁ፣ ካቴተሩን ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። መመሪያው እንዲስተካከል በጽሑፍ አመለከትኩ። «በሚቀጥለው ክለሳ ይታያል» አሉ። ክለሳው የት እንደገባ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ትግሉን ወደ ማቅለሉ ስንመጣ፣ ብዙ ቦታ ማስተኛ መድኃኒት ቀድሞ ይታዘዛል። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ የሚያታግለው ምን እንደሆነ ፈልጉ። ቱቦው ታጥፏል? አክታ ይዟል? የማሽኑ ፊልተር ርሷል? ትኩሳት አለው? ያመዋል? ሽንት ቋጥሮ ይሆን? ደሙ አሲድ በዝቶበታል? ራስጌውን ከፍ አድርጋችሁታል? የኛ ሰው ፊልተሩ በአክታ ርሶ ነበር፣ ትኩሳትም ነበረው። ፊልተሩ በማሞቂያ እርጥበት ሰጪ ተተካ፣ ፓራሲታሞል ተሰጠው፣ ድጋፉ በ2 ከፍ አለ። ስዘጋ 26 የነበረው 12 ሆነ። ማስተኛው ሳይጨመር።

ድጋፍ ስትጨምሩ በትንሽ በትንሹ፣ በየጭማሪው እየዘጋችሁ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ላይ ግን ተጠንቀቁ። አየር ውስጡ ስለሚቀር፣ ድጋፉ ሲበዛ ማሽኑ አንዳንድ ሙከራውን አይሰማም። ማሽኑ 18 ሲል እጃችሁን ሆዱ ላይ አድርጋችሁ ቁጠሩ፣ 30 ልታገኙ ትችላላችሁ። ለሱ ፒፑን (አየር አስወጥቶ ሲጨርስ ማሽኑ የሚያስቀረውን ግፊት) በልኩ ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ማስተኛ የግድ ከሆነ ደግሞ ምርጫችሁን እወቁ፦ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለው) በዋናነት የትንፋሹን ብዛት ይቀንሳል፣ ፕሮፖፎል የሚባለው ማስተኛ ደግሞ የሚስብበትን ጉልበት።

ከልክ በላይ ማቅለልም ጉዳት አለው። በፈረንጆቹ 2008 የታተመ ጥናት ዲያፍራም (ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ) ከ18 እስከ 69 ሰዓት ጨርሶ ሥራ ሲፈታ ጡንቻው እንደሚሳሳ አሳይቷል። ፒ 0.1 ከ1 በታች ሲሆን «ጎሽ፣ አረፈ» የሚል ሰው ሳይ ያመኛል። ድጋፉን ቀንሱ።

ሰውዬው ንቁ ከሆነ ደግሞ ራሱን ጠይቁት። ከ0 እስከ 10 ትንፋሽ ምን ያህል አጥሮሃል? በጣቱ ያሳያል። እሱ 7 ብሎ ማሽኑ ደህና ነው ካለ፣ እኔ ደግሜ የምለካው የማሽኑን ነው።