እሳቱ ከጠፋ በኋላ የምናዋጣው ገንዘብ

በወሎ ገጠር የአንድ አባወራ ቤት ሲቃጠል ጎረቤቱ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በማግስቱ የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር፣ ዳኛ አባላቱን ይሰበስባል፤ ከየቤቱ እህል ይዋጣል፣ ለምሰሶና ለማገር የሚሆን ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ ሳር ወይም ቆርቆሮ ይፈለጋል፣ ጅጌ ተጠርቶ ቤቱ እንደገና ይቆማል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ስለሚተዳደሩ መዋጮው ሃይማኖት አይለይም። በተሁለደሬ ገጠር ይህን እያየሁ አድጌአለሁ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ሆኖም ይህ ሁሉ ወጪና ድካም የሚመጣው ንብረቱ አመድ ከሆነ በኋላ መሆኑ ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ ቆይቷል። ገጠሩ ለእሳት አደጋ መከላከያ የሚሆን አቅም የለውም የሚለውን አባባል የማልቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው። አቅሙን በየዓመቱ እያወጣ ነው፤ ከዚያ ላይ ጥቂቱን ወደ ፊት አምጥቶ ቃጠሎው ሳይደርስ ማዋል ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

በአካባቢያችን እሳት የሚበረታው አዝመራው ደርቆ በሚሰበሰብበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከዚያም የበልግ ዝናብ በዘገየባቸው ወራት ነው። በቆላው በኩል፣ በቃሉ፣ በሀብሩና በራያ ቆቦ፣ የማሽላ አገዳ ለከብት መኖና ለማገዶ ተብሎ ከቤቱ ጥግ ይከመራል። በደጋው በኩል ደግሞ፣ በለጋምቦ፣ በደላንታና በወረኢሉ፣ የገብስና የስንዴ ክምር ከአውድማው ዳር ይቆማል፤ ጭዱ በጓሮ ይቀመጣል፤ ኩበቱ በግድግዳ ሥር ይደረደራል፤ በብዙ ቤትም ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። በዚህ አኗኗር ውስጥ ያልተዳፈነ ረመጥ፣ የወደቀ ኩራዝ፣ ማር ለመቁረጥ የተለኮሰ ጭስ፣ ማሳ ለማጽዳት የተጫረ እሳት ወይም በጫካ ዳር የተተወ የከሰል ጉድጓድ የዓመት ቀለብን፣ መኖንና መጠለያን በአንድ ጊዜ ሊያሳጣ ይችላል። ክምሩ የተቃጠለበት ገበሬ እህሉን ብቻ አያጣም፤ ዘሩንም ያጣል፤ ጭዱ ስለሌለ በሬውን ለመሸጥ ይገደዳል፤ በሬውን ከሸጠም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት ለማገገም አንድ መኸር አይበቃም።

አንድ ዓመት በታኅሣሥ ወር በጎረቤት ጎጥ ቤት ሲነድ ከደረሱት መካከል ነበርኩ። ጊዜው እኩለ ቀን ስለነበር ወንዶቹ አብዛኞቹ አውድማ ላይ ነበሩ፤ ኡኡታውን ሰምተው ቀድመው የደረሱት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ምንጩ ከቤቱ ቁልቁል ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ዳገቱን ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ የሳር ክዳን ነድዶ ከሚወድቅበት ጊዜ ይረዝማል። ጀሪካኑ ከደረሰ በኋላም ቢሆን አፉ ጠባብ በመሆኑ ውሃው እየተንቆረቆረ ስለሚወጣ በሚነድ ነገር ላይ አንስቶ መድፋት አይቻልም። ለዚያ የሚያስፈልገው ባልዲ ነው፤ ባልዲ ደግሞ በዙሪያው ካሉት ቤቶች የተገኘው ከሁለቱ ብቻ ነበር። አንድ ጎረምሳ ማጭድ ይዞ ገብቶ የጥጃውን ገመድ ቆረጠ፤ ጥጃው ወደ ኋላ እየሳበ ቋጠሮውን ስላጠበቀው በእጅ የሚፈታ አልነበረም። ቤቱ አልተረፈም። ቀጥሎ ያለው ቤት ግን ተርፏል፤ የተረፈውም አንድ አዛውንት ውሃው በሚነደው ቤት ላይ መፍሰሱን አስቁመው በጎረቤቱ ጣሪያ ላይ እንዲረጭ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው የአገዳ ክምርም ተንዶ እንዲጎተት በማዘዛቸው ነው። በዚያ ቀን ልዩነት ያመጣው ምን ቀድሞ መደረግ እንዳለበት የሚያውቅና ሲናገር የሚደመጥ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

ስለ ገጠር እሳት ሲነሳ ወዲያው የሚቀርበው ጥያቄ የእሳት አደጋ መኪና ይገዛልን የሚል ነው። ጥያቄውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን መጀመሪያ መቅረብ ያለበት አይመስለኝም። መኪናው ቢገዛ የሚቆመው በከተማ ነው። ከደሴ እስከ ሐይቅ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ስለሆነ በቶሎ ይደረስ ይሆናል፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ ገደል ለገደል ወደሚወስደው የጎጥ መንገድ ሲገባ ግን ውሃ የተሸከመ ከባድ መኪና ብዙ ቦታ አይዘልቅም፤ ከነአካቴው መንገድ የሌላቸው ጎጦችም ጥቂት አይደሉም። ለመጋዘን፣ ለገበያ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ፣ እንዲሁም በየወረዳው እያደጉ ላሉት ትንንሽ ከተሞች መኪናው በእርግጥ ያስፈልጋል። በደቂቃዎች ውስጥ ነድዶ ለሚያልቅ የሳር ቤት ግን አገልግሎቱ በጎጡ ውስጥ ካልሆነ የለም ማለት ይቻላል።

የመንግሥት የአደጋ መከላከል አደረጃጀትም ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ታስቦ አልተሠራም። አገራችን ራሱን የቻለ የእርዳታና የማቋቋሚያ ኮሚሽን ያቋቋመችው የወሎ ረሃብ ባደረሰው እልቂት ምክንያት በ1966 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስሙና አወቃቀሩ ብዙ ጊዜ ቢለዋወጥም ዋነኛ ሥራው ድርቅና ምግብ ሆኖ ቆይቷል፤ ከታሪካችን አንጻር ይህ ተገቢ ነው። ድርቅ ወረዳን በሙሉ ስለሚመታ በጥናት ይታያል፣ በቁጥር ይገለጻል፣ በጀትም ይያዝለታል። እሳት ግን አንድ ቤት ዛሬ፣ ሦስት ክምር በሚቀጥለው ሳምንት እያለ ስለሚመጣ ለወረዳው ሪፖርት አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፤ ለተጎጂው የሚደርሰውም፣ ከደረሰ፣ ጥቂት ስንዴና ብርድ ልብስ ነው። የ2014ቱ ጦርነት በወሎ ብዙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ካወደመና ካዘረፈ ወዲህ ደግሞ የወረዳዎቹ አቅም ከቀድሞውም ሳስቷል።

እንግዲህ በጎጥ ደረጃ ምን ያስፈልጋል? ዝርዝሩ አጭር ነው፦ አፈ ሰፊ ባልዲዎች፣ አካፋና ዶማ፣ ጣሪያ ለመሳብ የሚያገለግል ጫፉ ሜንጦ የሆነ ረጅም እንጨት፣ ጠንካራ ገመድ፣ ስለታም ማጭድ፣ በበጋ ወራት ሁልጊዜ ውሃ ሞልቶባቸው የሚቆዩ ባለ 200 ሊትር በርሜሎች፣ ሰው የሚጠራ ጥሩምባ። ከዚህ ሁሉ በላይ ሁለት ነገሮች በእጃችን እያሉ አስታውሰናቸው አናውቅም። የመጀመሪያው ገበሬው የአረም መድኃኒት የሚረጭበት በጀርባ የሚታዘል መርጫ ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ የሚነድ ቤት ባያጠፋም በሳር ላይ የሚሮጥን እሳት ጠርዙን ተከትሎ ለማጥፋትና የተዳፈነ ረመጥን ለመጨረስ እጅግ ጠቃሚ ነው። የመድኃኒት ትራፊ እንዳይኖርበት አስቀድሞ መታጠብ ግን ይኖርበታል። ሁለተኛው የመስኖ ውሃ ሞተር ነው። በቃሉ፣ በተሁለደሬ፣ በሀብሩና በቆቦ ወንዝ ዳር ባሉ ጎጦች ሞተርና ቱቦ ያላቸው ገበሬዎች አሉ። ቅሬው ከእነዚህ ሰዎች ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ፣ በእሳት ጊዜ ለሚቃጠለው ቤንዚንና ለሚደርሰው ብልሽት ከጋራ ሒሳብ እንደሚከፍል በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍር፣ አንድም ሞተር ሳይገዛ ሞተር ያለው የእሳት መከላከያ ቡድን ይኖረዋል።

የገንዘቡ ነገር ብዙ ማሰብን ይጠይቃል፤ በሌላው ዓለም ገጠርም መልሱ አንድ አይደለም። በቺሊ እሳት አጥፊዎች የመጀመሪያው ቡድን በቫልፓራይሶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1851 ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መንግሥት በመሣሪያ ይደግፋቸዋል። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት የአገልግሎቱ ገንዘብ ለረጅም ዘመን ከመድን ደንበኞች ይሰበሰብ ነበር፤ መድን ያልገባው ሰው ሳይከፍል ይጠበቃል የሚለው ቅሬታ እየበረታ በመሄዱ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በንብረት ባለቤቶች ሁሉ ላይ የሚጣል ክፍያ ሆነ። ከሁሉም ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ኦቢየን በተባለ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው ነው። በዚያ ገጠር የሚኖር ሰው የአቅራቢያው ከተማ እሳት አጥፊዎች እንዲደርሱለት በዓመት 75 ዶላር መክፈል ነበረበት። አንድ ያልከፈለ አባወራ ቤቱ ሲነድ ቢጠራቸው አልመጡም፤ የመጡት እሳቱ ወደ ከፈለው ጎረቤት ማሳ ሲሻገር ነው፤ የጎረቤቱን እሳት ካጠፉ በኋላም የሰውየውን ቤት ቆመው እያዩት ነደደ። ሕጉን አክብረዋል ሊባል ይችላል፤ በእኛ አገር ግን ይህን ያደረገ ቅሬ በማግስቱ ይፈርሳል፣ መፍረስም ይገባዋል። ስለዚህ መዋጮ ይኑር፤ ያላዋጣው በሌላ ጊዜ በቅሬው ሕግ ይጠየቅ፤ እሳት በተነሳ ሰዓት ግን ከፍሏል ወይስ አልከፈለም የሚል ጥያቄ ጨርሶ አይነሳ። ይህ አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ በግልጽ መጻፍ አለበት።

የመዋጮው መጠን ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ ቢሆን ይሻላል። 60 አባወራ ያለበት ጎጥ እያንዳንዱ በወር 10 ብር ቢያስቀምጥ በዓመት 7,200 ብር ይሆናል፤ ጥሬ ገንዘብ የማይገኝባቸው ወራት ብዙ ስለሆኑም በምርት ወቅት በጣሳ እህል የሚከፈልበት አማራጭ ቢኖር ደካማውን አይጎዳም። አቅመ ደካሞችና ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶች ከመዋጮ ነፃ መሆን አለባቸው። ነገር ግን ክፍያው ከቀበሌ በግዴታ ተጭኖ እንዲመጣ አልመክርም። ገበሬው ለዚህም ለዚያም እየተባለ ሲያዋጣና የት እንደደረሰ ሳይነገረው ሲቀር ኖሯል፤ ከመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ጋር ተደርቦ የሚቆረጥ ሌላ ስም ቢጨመርበት ገንዘቡ ይሰበሰብ ይሆናል፣ እምነቱ ግን አይኖርም። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ሰው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት በቃል ይነበባል።

የወረዳው ድርሻ ከዚህ የተለየና ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ጎጡ ባልዲና በርሜል ሲያሟላ ወረዳው ሥልጠና ይስጥ፣ ያረጀውን ይተካ፣ ለብዙ ጎጦች የሚያገለግል ተንቀሳቃሽ የውሃ ሞተር በቀበሌ ማዕከል ያኑር፤ ለዚህም በመጠባበቂያ ውስጥ የተደበቀ ሳይሆን ስም ያለው የበጀት ርዕስ ይያዝ። ጉልበቱስ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በወሎ ብዙ ወረዳዎች የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች በሕዝብ ሥራ ኩሬና እርከን ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የተፋሰስ ሥራውም በየበጋው ሰፊ ሕዝብ ያሰማራል። ከኩሬዎቹ ጥቂቶቹ ለመንደር እሳት በሚያመች ቦታ እንዲቆፈሩ፣ ከሥራ ቀኑ የተወሰነው በደን ዙሪያ የእሳት መከላከያ መስመር ለመጥረግ እንዲውል ማቀድ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። ከኮምቦልቻ በላይ ላለው የየጎፍ ደን፣ በላስታ ለአቡነ ዮሴፍ ተራራ የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሳር፣ እንዲሁም በየተራራው ለተከለሉት ሥፍራዎች ይህ አንገብጋቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ፓርክ የተነሳው እሳት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ሕዝቡ በቅጠልና በአፈር ሲታገለው እንደነበር አንረሳም። የተከለለውን ሥፍራ ሳር አጭደው የሚሸጡና ንብ የሚያንቡ የወጣት ማኅበራት ከሽያጫቸው ጥቂት ለመስመሩ ጠረጋ ቢመድቡ የራሳቸውን ገቢ ይጠብቃሉ።

በአደረጃጀቱ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ እርሱም የሴቶች ጉዳይ ነው። የቅሬ ዳኞች በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ቀን ላይ በሚነሳ እሳት ግን ቀድመው የሚደርሱት ሴቶች ናቸው። የመሣሪያው ቤት ቁልፍ ገበያና እርሻ በሚውል ወንድ እጅ ከሆነ በሩ ሳይከፈት ቤቱ ይነዳል። ስለዚህ ቁልፉ ቢያንስ በሁለት ቤት ይኑር፣ አንደኛው ቤት በብዛት የምትገኝ ሴት ያለችበት ይሁን፤ ማን ውሃ እንደሚያቀብል፣ ማን ከብት እንደሚያወጣ፣ ማን በጎረቤት ጣሪያ ላይ እንደሚቆም ሲመደብም ሴቶቹ በትእዛዝ ሰጪነት ይመደቡ። ሥልጠናውም እነሱ ባሉበት ሰዓት ይሰጥ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የቅሬው ውሳኔ አዝመራው ሳይሰበሰብ በጥቅምት ቢተላለፍ በኅዳር መጀመሪያ በርሜሎቹ ሞልተው፣ ክምሮችም ከቤትና ከእርስ በርሳቸው ቢያንስ 30 እርምጃ ርቀው ሊቆሙ ይችላሉ። የወረዳው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ደግሞ የሥልጠናውና የሞተሩ ጥያቄ በቅሬዎቹ ማኅተም ተደግፎ በጽሑፍ መግባት ያለበት እቅዱ በሚዘጋጅበት በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ በእነዚያ ወራት ያልገባ ጥያቄ ሌላ አንድ በጋ ይጠብቃል።