ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ኢሜይል ገባልኝ። የኢኤምዲአር ሰርተፍኬቴ ጸድቋል፤ ክፉ ትዝታ ለሚያስጨንቃቸው ሰዎች የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩትና እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ታዲያ አሁን ዶክተር ሆንሽ ማለት ነው?»

«አይ እማዬ።»

«ደሞዝ ይጨምራል?»

«እንጃ።»

«በይ እንኳን ደስ ያለሽ» ብላኝ ወደ ጎረቤት ወሬ አለፈች።

አልፈርድባትም። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሳቄ መጥቶ ነበር። ሰውየው ክፉ ትዝታውን እያሰበ ዓይኑን ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሳል። ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1987 መናፈሻ ውስጥ ስትንሸራሸር፣ ዓይኗ ወዲህ ወዲያ ሲል የሚያስጨንቃት ሐሳብ ቀለል እንዳላት አስተዋለች። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ከከባድ አደጋና ጥቃት በኋላ ለሚመጣ ጭንቀት ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። የዓይኑ እንቅስቃሴ ለምን እንደሚረዳ ግን ባለሙያዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ።

ሥልጠናው 20 ሰዓት ትምህርት፣ 20 ሰዓት ልምምድና 10 ሰዓት ከነባር ባለሙያ ጋር ምክክር ነበረው። ለሰርተፍኬቱ ደግሞ ቢያንስ ከ25 ሰዎች ጋር 50 ጊዜ መሥራት፣ በዚያ ላይ ሌላ 20 ሰዓት ምክክር። ሰዓቱ ይሞላል፤ እኔን ያለፋኝ ሰው ጭንቀቱን ከዜሮ እስከ አስር እንዲነግረኝ የምጠይቀው ቁጥር ነው።

የምሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሚመጡት ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ነበሩ እንበል (ሁለት ሦስት ሰው ያቀላቀልኩት ነው፣ ማንም ራሱን አይፈልግበት)።

«እትዬ፣ ያንን ቀን አሁን ሲያስቡት ጭንቀቱ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል?»

«ተመስገን ነው ልጄ።»

«እሺ፣ በቁጥር ቢነግሩኝስ?»

«ከእኔ የባሰ ስንት አለ!»

እጃቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። እንደገና ይጠቀልላል።

አማካሪዬ ፈረንጅ ናት። ማስታወሻዬን አይታ «ቁጥሩ የታለ?» አለችኝ። «ተመስገን» ብለውኛል አልኳት። ሰው ሞቶበትም፣ ቤቱ ተቃጥሎበትም የሚባል ቃል መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የከፈልኩበት ሰዓት ነው ደግሞ።

ሕክምናው ሰው ስለ ራሱ የሚያምነውን መጥፎ ሐሳብም ይጠይቃል፤ እዚያም ላይ እንዲሁ። ከወረቀቱ ተርጉሜ «አቅመ ቢስ ነኝ» የሚለው ይስማማዎታል ወይ ስላቸው ዜና የማነብላቸው ነው የመሰለው። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው «እኔ ምን አቅም አለኝ» አሉ። ያንኑ ጻፍኩት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን ሰውነትዎ ላይ የት ይሰማዎታል የሚል ነው። ሥልጠና ላይ አብረውኝ የተለማመዱት ፈረንጆች እዚህ ጋ ነበር የሚቸገሩት። አንዷማ ዓይኗን ጨፍና ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ቆይታ «ምንም አይሰማኝም» ብላኛለች። እትዬ አንድ ሰከንድ አልፈጀባቸውም። መዳፋቸውን ከእምብርታቸው በላይ አሳረፉ።

«እዚህ ነዋ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት የት ይሄዳል?»

ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ አረረ፣ ሆዴን ባር ባር አለው እያለ ላደገ ሰው ይሄ ምን ጥያቄ ነው! ትምህርቱ ላይ ስንት ገጽ የፈጀውን እሳቸው በአፍ መፍቻቸው ያውቁታል።

ከዚያ ቁጥሩን ተውኩት። «ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው እንበል። ምን ያህል ሞልቷል?» አልኳቸው።

«ጢም ብሎ!» አሉ ሳያስቡ።

ሥርዓቱን አበላሸሽ ብላ ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አማካሪዬ ግን ስቃ «አስር ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ እኔን ቀደሙኝ።

«ግማሽ ደርሷል» አሉ። «ተመስገን ለማለት ግን ትንሽ ይቀረኛል።»