«ምን ሆነሻል?»

ከትናንት ጀምሮ ከፍቶኛል፤ ለምን እንደከፋኝ ግን አላውቅም። እህቴ ደውላ ድምፄን ስትሰማ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ «ምንም፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ብዬ ወሬውን ወደ ልጆቿ አዞርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በሐሳቤ የቀረው ግን እትዬን ይዤ በሄድኩበት ክሊኒክ የተሰጠን መጠይቅ ነው።

መጠይቁ አሌክሲታይሚያ የሚባለውን፣ ማለትም የራስን ስሜት ለይቶ ለማወቅና ለመግለጽ መቸገርን የሚለካ ነው። ስሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ፒተር ሲፍኔዎስ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የቶሮንቶው መለኪያ 20 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ በድምሩ 61 ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ችግሩ አለበት ይባላል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ከፍ ያለ ነጥብ እንደሚያመጡ በተደጋጋሚ ታይቷል።

እትዬን ወገባቸውን ካመማቸው ዓመታት አልፈዋል። እኔ ጥያቄውን በአማርኛ ሳነብላቸው፣ እሳቸው ሲመልሱ፣ ሐኪም እንኳ የማይረዳው ነገር በሰውነታቸው ይሰማቸው እንደሆነ ከሚጠይቀው ላይ ደረስን። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ቢገባቸውማ ኖሮ እዚህ ምን እሠራ ነበር?» አሉኝ። «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን 5 ከበብኩላቸው።

ያ 5 ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እትዬ ስሜታቸውን ለይተው አያውቁም ተብሎ በእሳቸው ላይ ተደመረ እንጂ፣ ሐኪሞቻቸው አላዳመጧቸውም ተብሎ የተጻፈበት ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ፣ የጥቁር ሰው ቆዳ ከነጭ ይወፍራል እንደሚለው ያለ፣ ቢያንስ አንድ የተሳሳተ እምነት ነበራቸው፤ እንዲህ ያለውን እምነት አብዝተው የያዙትም የጥቁሩን ታካሚ ሕመም አሳንሰው ገመቱ። እንግዲህ በዚህ መጠይቅ የጥቁርና የነጭ ታካሚዎችን ነጥብ ብናወዳድር፣ ነጥቡ ከፍ ያለው ወገን ስሜቱን የማያውቅ ነው ወይስ ሲናገር የሚሰማው ያጣ?

የሰውን ባህል የሚያጠናው አንትሮፖሎጂስት ማርክ ዝቦሮውስኪ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው፣ በኒውዮርክ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ባካሄደው ጥናት፣ የጣሊያንና የአይሁድ ተወላጆች ሲያማቸው እኩል ቢጮኹም የሚጨነቁበት ነገር የተለያየ መሆኑን አስተውሎ ነበር፤ ጣሊያኖቹ ሕመሙ ሲታገስላቸው ይረጋጋሉ፣ አይሁዶቹ ግን ሕመሙ ስለ ነገ ምን ይነግረኝ ይሆን እያሉ ይብሰለሰላሉ። ደስ የሚል አስተውሎት ነው፤ ነገር ግን በእኛው አንድ ቤት ውስጥ ራሱን ሲያመው ጎረቤት የሚጠራው አጎቴና ምጧን እንኳ በዝምታ የጨረሰችው እናቴ አብረው ኖረዋልና፣ ሐበሻ በየትኛው ረድፍ እንደሚመደብ ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም።

ይህን ሁሉ ማታ ለባለቤቴ አንገቴን እያሸሁ አብራራሁለት። በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ አንገቴን የሚያመኝ በየዓመቱ የአባቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ መሆኑን አስተውዬ እንደሆነ ጠየቀኝ። ትራሱ ነው አልኩት። አዲስም አዝዣለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ላባ የሌለውን።