«ፐርሰናል» ልያዝ ወይስ «ግሩፕ» ልግባ?

ባለፈው ሳምንት ስፖርት ልትጀምር ያሰበች አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ጠየቀችኝ፦ የግል አሰልጣኝ ልያዝ ወይስ በቡድን ከሚሠሩት ጋር ልግባ? ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፣ በሁለቱም ብሬን አቃጥያለሁ። ለእሷ ከነገርኳት አይቀር እዚህም ልጻፈው።

የጀመርኩት በግሩፕ ነው። ቢሮዬ ካዛንቺስ አካባቢ ስለሆነ ከሥራ ወጥቼ ምሽት 12 ተኩል ላይ ኤሮቢክስ እገባ ነበር። ጠባብ ክፍል፣ ሠላሳ ሰው፣ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ። እኔ ቦርጬን ይዤ ሁሌም የኋላ ረድፍ፣ ምሰሶው ጥግ ነኝ። እዚያ ማንም አያየኝማ! ጉዱም የመጣው ከዚያው ነው። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስሠራ ጉልበቶቼ ወደ ውስጥ እየታጠፉ እንደሆነ ሦስት ወር ሙሉ የነገረኝ ሰው የለም፤ ያወቅኩት የቢሮ ደረጃ ስወርድ ቀኝ ጉልበቴ መውጋት ሲጀምር ነው። አሰልጣኙን አልወቅስም። እሺ፣ ትንሽ እወቅሰዋለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ከድሬዳዋ የመጣ የአክስቴን ልጅ ይዤው ገባሁ። ጎረምሳ ነው፣ ኳስ ተጫዋች ነው፣ ግን ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ድሬዳዋ የዚያን ግማሽ ያህል ብትሆን ነው፤ ትንፋሽ ቢያጥረው ምን ይገርማል? አሰልጣኙ ግን «በርታ! በርታ!» እያለ ይጮህበታል። ልጁ ከድሬዳዋ የገባው ትናንት ማታ መሆኑን አሰልጣኙ በምን ይወቅ?

ጉልበቴ ሲብስብኝ ፐርሰናል ያዝኩ። የመጀመሪያው አሰልጣኝ የጠየቀኝ «ስንት ኪሎ መቀነስ ትፈልጊያለሽ?» ብቻ ነው። ከዚያ ስልኩን እየነካካ «ዐሥራ አምስት ድገሚ» ይለኛል። የወር ከፍዬ በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። ሁለተኛው ሌላ ሰው ነው። ገና ዳምቤል ሳያስነካኝ ደም ግፊት አለብኝ ወይ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ ወይ፣ ስንት ወለድኩ፣ በኦፕራሲዮን ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ «እርስዎ» እያለ ስለሚያናግረኝ መጀመሪያ ቀን ዕድሜዬ ላይ ዐሥር ዓመት የጨመረብኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሠራኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ነው፤ ጉልበቴ እግር ጣቶቼ ወደሚያዩበት አቅጣጫ እንዲሄድ ከጎኔ ቆሞ እያየ። ይህን ለማድረግ ነው የምከፍለው እያልኩ በልቤ አጉረመርም ነበር። ግን ጉልበቴ ዳነ። ሁዳዴ ሲገባም፣ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም፣ የምሳ ሰዓቱን ልምምድ ወደ ማታ አዞረልኝ፣ ክብደቱንም ቀነሰው። ግሩፕ ለአንድ ጿሚ ብሎ ሰዓት አያዞርም።

ታዲያ ለምን አልቀጠልኩም? ዋጋው አንዱ ነው፤ የእሱ የአንድ ወር ክፍያ ለግሩፕ ብዙ ወር ያስኬደኛል። ዋናው ግን መቅረት ቀላል መሆኑ ነው። «ዛሬ ስብሰባ አለብኝ» ብዬ መልእክት እልክለታለሁ፣ «እሺ፣ ችግር የለም» ይለኛል፣ አለቀ። ብሩን የከፈልኩ እኔ ስለሆንኩ የሚቆጣኝ የለም። ግሩፕ ውስጥ ግን ሁለት ቀን ከቀረሁ ስልኬ ይጮኻል፦ «አንቺ፣ የት ጠፋሽ? አለሽ በሕይወት?» ምክንያቱም ዕቁብ አለን። ሐሙስ ሐሙስ ላባችንን ሳንጠርግ እንሰበስባለን፤ ላለመምጣት የሚደፍር የለም።

እና ለባልደረባዬ ያልኳት ይህን ነው። ጉልበት፣ ወገብ ወይም ግፊት ካለብሽ፣ በቅርብ ከወለድሽ፣ ወይም ክብደት አንስተሽ የማታውቂ ከሆነ መጀመሪያ ስምንት ዐሥር ቀን ዐይኑን አንቺ ላይ የሚያደርግ ሰው ያዢ። ብቻሽን ከከበደሽ ለሦስት ሆናችሁ አንድ አሰልጣኝ ተካፈሉ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ከዚያ ግሩፕ ግቢ። ግን ዝላይ ብቻ እንዳይሆን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ከዚያ በተጨማሪ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። የእኔ ክላስ ሦስት ጊዜ 50 ደቂቃ ስለሆነ የመጀመሪያውን ይሞላል፤ የጡንቻውን ሥራ ደግሞ ከሁለተኛው አሰልጣኜ በተማርኩት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ብር ከሌለሽ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ሂጂ፣ ደረጃው በነጻ ነው፣ ከአንቺ በዕድሜ የሚበልጡ አባቶች ሲያልፉሽ እልህ ይይዝሻል።

አሁን የፊት ረድፍ፣ መስታወቱ ሥር ነው የምቆመው። ጉልበቴን እንዳየው።

ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ሰማችኝና «ዕቁቡ ስንት ስንት ነው?» አለችኝ።