አረፋ ያልወጣበት ቱቦ

ተማሪዎች ወደ ቤተ ሙከራ ሲገቡ የሚጠብቁት አረፋ፣ ጭስ ወይም የቀለም ለውጥ ነው፤ የጠበቁት ሲታይ ክፍሉ ይንጫጫል፣ ሪፖርቱም በዚያው ስሜት ተጽፎ ያልቃል። እዚህ ጅማ ኬሚካዊ ለውጥንና ኢንዛይምን (በሕያዋን ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነውን ነገር) በሙከራ ሳስተምር እያደር ይበልጥ ያመንኩበት ግን፣ በመደርደሪያው ላይ ከቆሙት ቱቦዎች መካከል ብዙ የሚናገረው ምንም ነገር ያልታየበት ቱቦ መሆኑን ነው።

ለመነሻ የምንጠቀምበት ለቁስል ማጠቢያ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ዣክ ቴናር እ.ኤ.አ. በ1818 ያገኘው ይህ ፈሳሽ ማንም ሳይነካውም ቀስ እያለ ወደ ውኃና ወደ ኦክስጅን ይለወጣል፤ ጠርሙሱ ብርሃን የማያሳልፍ የሆነውም ብርሃን ለውጡን ስለሚያፋጥነው ነው። አምስት ሚሊ ሊትር ያህል ቱቦ ውስጥ ተቀድቶ፣ ከልኳንዳ ቤት የመጣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥሬ ጉበት ሲጨመርበት፣ አረፋው ወዲያውኑ እስከ ቱቦው አፍ ይገነፍላል፣ ቱቦውም በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ነበልባሉ ጠፍቶ ጫፉ ብቻ የጋመ ስንጥር ሲጠጋ መልሶ ይቀጣጠላል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ ሕዋሳት ራሳቸው የሚያመነጩትን ፐርኦክሳይድ ጉዳት ሳያደርስ የሚበትነው እርሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ትምህርቱ እዚህ ላይ ይቆማል፤ እኔ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። እስከዚህ ድረስ ተማሪው ያየው ጉበት ፐርኦክሳይድን እንደሚያስፈላ ብቻ ነው። አረፋው የኢንዛይም ሥራ ይሁን፣ ወይም የጉበቱ ሸካራ ገጽ ያመጣው ነገር ይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛው ቱቦ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ተቀቅሎ የቀዘቀዘ፣ በመጠን ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነ ጉበት ይገባል፤ አረፋም አይወጣም። በሦስተኛው ቱቦ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የተባለው ጥቁር ዱቄት ቁንጥር ታህል ይጨመራል፤ በተለመደው የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ከካርቦን ጋር ተደባልቆ የሚገኘው ዱቄት ማለት ነው። ይህም ያስፈላል። በአራተኛው ቱቦ ያው ዱቄት ውኃ ውስጥ ተቀቅሎ ይገባል፤ እንደገና ያስፈላል። ጉበቱንና ዱቄቱን ለየብቻ ከማየት ይልቅ አራቱን ጎን ለጎን ማቆም ነው ጥያቄውን የሚያስነሳው፦ ሁለቱም አንድ ዓይነት ለውጥ የሚያፋጥኑ ሆነው ሳለ፣ እሳት አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ለምን ተወው?

መልሱ ኢንዛይሙ ፕሮቲን መሆኑ ነው። ሥራውን የሚሠራው በተጣጠፈበት ቅርጽ ነው፤ ሙቀት ያንን ቅርጽ ሲፈታው ፕሮቲኑ እዚያው ቱቦ ውስጥ ቢኖርም ፐርኦክሳይዱን የሚቀበልበት ቦታ ፈርሷል። ዱቄቱ ግን የሚፈታ እጥፋት የለውም። ዛሬ በአንድ መስመር የምንጽፈው ይህ እውነት ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ነበር፤ አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ዩሪኤዝ የተባለውን ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1926 በክሪስታል መልክ አውጥቶ ፕሮቲን መሆኑን ሲያሳይም ያልተቀበሉት ብዙዎች ነበሩ፤ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1946 ነው።

ጉበቱን ስንቀቅል አንድ ሌላ ነገር ይወጣል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ ይህንን በግልጽ ያሳያል፤ ሪፖርቶቹን ስሰበስብ ግን ከአብዛኞቹ ላይ የማነበው 100 የሚለውን ቁጥር ነው። መጽሐፉ ስላለ ተጻፈ። ለኢንዛይሙ ልዩነት አያመጣም፣ ካታሌዝ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይበላሻልና። ለተማሪው ግን ልዩነት ያመጣል፤ በዓይኑ ያየውን ትቶ የተነገረውን የጻፈ ልጅ፣ አረፋ ያልወጣበትን ቱቦም «ጥቂት አረፋ ታይቷል» ብሎ ከመጻፍ አይመለስም። ስለዚህ 94 ብሎ ለጻፈው፣ የሚጠበቀውን ድምዳሜ በትክክል ባያገኝም እንኳ፣ የተሻለ ነጥብ እሰጣለሁ።

የካታሌዝን ፍጥነት መለካት ከሚመስለው ይቀላል። በቢሮ ወረቀት መብሻ የተቆረጠ ክብ ማጣሪያ ወረቀት በድንች ጭማቂ ነክሮ ፐርኦክሳይድ ወዳለበት ብርጭቆ ሥር መልቀቅ፣ አረፋው ወረቀቱን እስኪያነሳው ያለውን ጊዜ በስልክ መያዝ፤ በቃ።

ወደ ስታርች ስንሄድ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ይበልጥም ይጣፍጣል። ስታርችን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ለማግኘት እዚህ የምመርጠው ከምራቅ ይልቅ ብቅልን ነው። ብቅል ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ አለ፤ ፈረንሳውያኑ አንሰልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶም ዲያስቴዝ ያሉትን ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ1833 ያወጡት ከብቅል ነበር። የተፈጨው ብቅል ለብ ባለ ውኃ ተዘፍዝፎ ሲጣራ፣ በጭማቂው ውስጥ ያለው፣ ዛሬ አሚሌዝ የምንለው ይኸው ኢንዛይም የስታርችን ረጅም ሰንሰለት ይቆራርጣል፤ በየደቂቃው ጠብታ እየወሰድን በነጭ ሳህን ላይ ከአዮዲን ጋር ስናገናኘው ስታርች ለአዮዲን የሚሰጠው ሰማያዊ ጥቁሩ ቀለም ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ቀይ ቡናማ፣ በመጨረሻም ወደ አዮዲኑ የራሱ ቢጫ ይሄዳል።

ተማሪዎች ኢንዛይም ሁሉ በ37 ዲግሪ በደንብ ይሠራል ብለው በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ። ለምራቅ እውነት ነው። የብቅል አሚሌዝ ግን በ60 እና በ65 ዲግሪ መካከል ከ37 ይልቅ ፈጥኖ ይሠራል፤ የቢራ ፋብሪካዎችም ብቅሉን የሚያሞቁት በዚያው አካባቢ ነው። ሰዓት የያዘ ተማሪ ይህንን ራሱ ያገኘዋል፣ መጀመሪያ ላይም አያምነውም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፣ ሁለቱም ቀለም በመጥፋቱ የሚመጡ። የመጀመሪያው ትኩስ ስታርች ላይ አዮዲን መጨመር ነው፦ ሙቀት የስታርችንና የአዮዲንን ጥምረት ስለሚያላቅቀው ሰማያዊው ቀለም አይታይም፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይመለሳል። አንድ ቡድን ከሚፈላው ውኃ በወጣ ቱቦ ላይ አዮዲን ጠብ አድርጎ ቀለም ሲያጣ፣ ኢንዛይሙ በሚፈላ ውኃም ይሠራል ብሎ ደመደመ፤ ቱቦው ጠረጴዛው ላይ እንዲቆይ አደረግሁና ትንሽ ቆይቶ መጥቆር ሲጀምር ክርክሩ ከእኔ ንግግር የተሻለ ሥራ ሠራ። ሁለተኛው ሎሚ ነው። የአሲድን ተጽዕኖ ለማየት ሎሚ የሚጨምሩ ተማሪዎች ቀለሙ ሲጠፋ ስታርቹ አልቋል ይላሉ፤ ስታርቹ ግን እዚያው ነው፣ የጠፋው አዮዲኑ ነው፤ በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ቀለም ወደሌለው አዮዳይድ ለውጦታል። በሎሚ ፈንታ አቼቶ ቢጠቀሙ ይህ ችግር አይመጣም። ሁለቱንም ወጥመዶች የሚያጋልጠው ያው ጸጥተኛ ቱቦ ነው፦ ስታርችና አዮዲን፣ እንደ ወጥመዱም ሙቀት ወይም ሎሚ ያለበት፣ ብቅል ግን የሌለበት።

ከማናና ከጎማ ወረዳ የሚመጡ ልጆች በመኸር ወቅት የሚያነሱት ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። እሸት ቡና ከተፈለፈለ በኋላ በፍሬው ላይ የሚቀረው ሙልጭልጭ ሽፋን በገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ የሚለቀው ለምንድን ነው? ሽፋኑ ፔክቲን የተባለውን የተክል አጣባቂ ነገር ይዟል፣ የሚሰብሩትም ኢንዛይሞች ናቸው፤ ኢንዛይሞቹ ግን ከፍሬው ከራሱም፣ በገንዳው ከሚራቡት ረቂቅ ሕዋሳትም ሊመጡ ይችላሉ። ይህን በሦስት ማሰሮ መፈተን ይቻላል። የመጀመሪያው እንዳለ ይተዋል። ሁለተኛው በሚፈላ ውኃ ይነከርና ቀዝቅዞ ይከደናል፤ ሦስተኛውም እንደ ሁለተኛው ተነክሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ከመጀመሪያው ማሰሮ ጥቂት ማንኪያ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሁለተኛው እንደተሙለጨለጨ ቀርቶ ሦስተኛው ከለቀቀ፣ ከመጀመሪያው ማሰሮ የተቀዳው ፈሳሽ የሆነ ነገር ይዞ ሄዷል ማለት ነው፤ ያ ነገር ሕዋሱ ይሁን የተዘጋጀ ኢንዛይም ገና አልተለየም፣ አራተኛ ማሰሮም ያስፈልጋል፦ የሚጨመረው ፈሳሽ አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘበት፤ እርሱ ካልለቀቀ ያ ነገር በሙቀት የሚጠፋ መሆኑ ይታወቃል፣ ሕዋሱን ከኢንዛይሙ ግን አይለይም። ሙቀት ብቻውን ፔክቲንን ሊያላላ ስለሚችልም፣ ከተነከረው ቡና ጥቂት ፍሬ ወዲያው ታጥቦ መታየትና ያ ውጤት በመዝገብ መያዝ አለበት።