ውሃ የሚያበራው ቤት

ከእንግሊዟ ኒውካስል ተነስተን ወደ ሰሜን ስንጓዝ ዝናቡ አላባራም ነበር። ሮትበሪ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንዳለፍን ክራግሳይድ ብቅ አለ። ዓለት ላይ የተንጠለጠለ የሚመስል ትልቅ ቤት፣ ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ደን።

ባለቤቱ ዊልያም አርምስትሮንግ መድፍ እየሠራ የከበረ መሐንዲስ ነበር። ሀብቱ ከዚያ መምጣቱ ከብዶኝ ነው የገባሁት። ይኸው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1878 የግቢውን ውሃ ገድቦ ለቤቱ ኤሌክትሪክ አመነጨ። ወጥ ቤት ውስጥ የሥጋ መጥበሻውን ዘንግ ሳይቀር የሚያዞረው ውሃ ነበር።

ዛሬ ቤቱን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ነው። ክፍል ክፍሉን የሚጠብቁትና እንግዳ የሚቀበሉት ግን አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንዲት አዛውንት ተቀበሉን። ክፍሉ ለምን እንደጨለመ ጠየቅኳቸው። «ፀሐይ ጨርቁን ትጨርሰዋለች፤ መጋረጃውን ዝቅ የምናደርገው ለዚያ ነው» አሉኝ። አንድ አሮጌ ወንበር ላይ የጥድ ፍሬ ተቀምጧል። ሰው እንዳይቀመጥበት ነው። ደስ የሚል ዘዴ!

ከዚያ መብራቶቹን አሳዩን። አምፖሎቹ የተተከሉት የመዳብ የአበባ ማስቀመጫዎች ላይ ነው። ያኔ ማስቀመጫው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ፈሳሽ ብረት፣ ባዜቃ፣ ያለበት ሳህን ላይ ሲያርፍ አምፖሉ ይበራል፣ ብድግ ሲያደርጉት ይጠፋል። ሴትዮዋ ይህን ሲያስረዱን በሁለት እጃቸው አየሩን ብድግ አድርገው ቀስ ብለው መለሱት። ዕቃውን በጣታቸው እንኳ አልነኩትም። አገር ቤት ስንት ያማረ አሮጌ ቤት ተቆርቋሪ አጥቶ ሲፈርስ አይቻለሁና ሆዴ ተላወሰ።

ታች ሐይቁ ዳር ሌላ በጎ ፈቃደኛ አገኘን፤ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተተከለውን 17 ሜትር ርዝመት ያለው ጠመዝማዛ ብረት አሳዩን። ትልቅ ብሎን ነው የሚመስለው። ከሐይቁ የሚወርደው ውሃ ያዞረዋል፣ እሱ ደግሞ ለቤቱ መብራት ያመነጫል። ሰውዬው በዝናብ ርሰው ቆመው ስለ ውሃው መጠን ሲያወሩ መሄዱን ረሳነው።

ሊዘጋ ሲል ወጣን። ዞር ብዬ ሳይ አዛውንቷ መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየዘጉ ነበር።