ቡችላን ከሳጥኑ ጋር ማላመድ

ጎጃም ውስጥ ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ለትልቅ ውሻ የተለመደ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ግን በሰንሰለት አንገቱ ይቆስላል፣ ከተጠላለፈበትም ሊታነቅ ይችላል። ለእሱ የሚሻለው ሳጥን ነው፤ ያውም ራሱ ወድዶ ገብቶ የሚተኛበት። ተገፍቶ የሚገባበት ሳጥን ትርፉ ሰፈሩን እንቅልፍ መንሳት ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው፤ አዝኖለት ሰፊ ያሠራለታል። ቡችላ የሚተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም፤ ቦታው ከሰፋ ግን አንዱን ጥግ ለመኝታ ሌላውን ለሽንት ያደርገዋል። ስለዚህ ቆሞ ጆሮው ጣሪያውን ካልነካ፣ መዞርና እግሩን ዘርግቶ መተኛት ከቻለ በቂው ነው። በየወሩ አዲስ ማሠራት ስለማያዋጣ፣ ሲያድግ የሚሆነውን አሠርቶ (ለመካከለኛ የአገር ውሻ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ) መሐሉን በጣውላ መክፈል፣ ሲያድግ ጣውላውን ወደ ኋላ መግፋት ነው።

አናጺ በባሕር ዛፍ ጣውላ፣ በያጅ ደግሞ በ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይሠራዋል። የብረቶቹ ክፍተት ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ተመልሶ አይወጣም። የብየዳው ሹል ጫፍ ሁሉ ይሞረድ። ባሕር ዳር ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሳጥን ቡችላ ይገድላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ችግሩ ብርድ ነው፤ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። አሮጌ ጋቢ አጥፎ ማንጠፍ ይበቃል። ጭድ ከተነጠፈ ቁንጫ እንዳይፈላበት በየሳምንቱ ይቀየር። የማዳበሪያ ጆንያ ግን አይሆንም፤ ክሩን እየመዘዘ ይውጠውና አንጀቱን ይዘጋበታል።

«ውሻ ቤት አይገባም» ከሚሉ እናት ጋር መሟገት አያስፈልግም። በረንዳ ላይ ከበሩ አጠገብ ወይም ማድ ቤት ይቀመጥ፤ ዋናው የሰው ድምፅ መስማቱ ነው። ጓሮ ብቻውን የተጣለ ቡችላ የሚያለቅሰው ሳጥኑን ጠልቶ ሳይሆን ከእናቱ ስለተለየ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ እንዳይዘጋ በገመድ ይታሰር። ሽምብራ የሚያካክል የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጉበት መጀመሪያ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ መሐል፣ በኋላ ጥጉ ድረስ መጣል ነው። ከወጥ የወጣ ሥጋ አይሰጥ፤ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳል። በጾም ሥጋ ከቤት ሲጠፋ የተቀቀለ ድንች ይሠራል። ሳይፈራ መግባት ሲጀምር ምግቡን እዚያው ውስጥ ስጡት፤ እየበላ በሩን ዝጉ፣ ሳይጨርስ ክፈቱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥር፣ ግማሽ ሰዓት እያላችሁ አስረዝሙ። አንዱ ደረጃ ላይ ከተረበሸ ወደ ቀደመው ተመለሱ። አንድ ሁለት ሳምንት፣ ለአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስትዘጉበት አንገቱ ላይ ማሰሪያ አይኑር።

ሲያላዝን በሩን መክፈት ማላዘንን ማስተማር ነው፤ አምስት ሰከንድም ቢሆን ዝም ሲል ክፈቱ። ከእንቅልፉ ነቅቶ እየቧጨረ ካለቀሰ ግን ሽንቱ ይዞታል፤ ሳትጫወቱ ሳትጮኹ አውጡት፣ ሲጨርስ መልሱት። የመያዝ አቅሙ በግምት ዕድሜው በወር ሲቆጠር አንድ ሰዓት ተጨምሮበት ነው፤ የሁለት ወሩ ከሦስት ሰዓት አያልፍም፣ ቀን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ቢወጣ ይሻላል። ለሌሊቱ ማታ 3 ሰዓት፣ ሌሊት 6 ሰዓት፣ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ንጋት 12 ሰዓት ይስማማል። እንደበላ፣ እንደነቃና ተጫውቶ እንደጨረሰም ወዲያው ይውጣ።

ካቆሸሸ መምታትም አፍንጫውን ማሸትም ፍርሃት እንጂ ሌላ አያስተምርም። በሳሙና አጥባችሁ አቼቶ በውኃ በጥብጣችሁ ጥረጉበት፤ ሽታው ከቀረ እዚያው ይደግማል። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል፣ ተዉት።

አንዳንዱ ቡችላ በዝግታ ቢላመድም ለሀጩ እየተዝረበረበ ብረቱን እስኪደማ ይነክሳል። እንዲህ ያለውን አትዝጉበት፤ በታጠረ በረንዳ ላይ ይዋል፣ ለእንስሳት ሐኪምም ይታይ። ሐኪሙ ጋ ከተሄደ አይቀር፣ ሦስት ወር የሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን እዚያው ይከተብ።